አጥንትን የሚያሳሱ ዕጢዎች

ጤነኛ የጎልማሳ አጥንት እንዲሰበር ከባድ ጉልበት ያስፈልጋል፤ የመኪና ግጭት፣ ከዛፍ ወይም ከፎቅ መውደቅ፣ የበሬ ርግጫ። ሰው በቆመበት ተደናቅፎ ወድቆ የእጁ አንጓ ወይም ዳሌው ከተሰበረ፣ ወይም የውሃ ጀሪካን ሲያነሣ ወገቡን ውጋት ይዞት በራጅ ሲታይ ከአከርካሪው አጥንቶች አንዱ ተጨፍልቆ ከተገኘ ጥፋቱ የአወዳደቁ አይደለም። አጥንቱ ከመሰበሩ በፊት ደክሞ ነበር። አጥንትን ከሚያደክሙ ነገሮች መካከል እርጅና፣ የምግብ እጥረት፣ ካንሰርና የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ይገኙበታል። ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፈው ምክንያት ግን የሆርሞን መዛባት ነው። የተሰበረው ቦታ በጀሶ ወይም በወጌሻ ታስሮ ይጠገናል፤ ስብራቱን ያመጣው ዕጢ ግን አንገት ውስጥ ወይም ኩላሊት አናት ላይ ተቀምጦ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለተኛው ስብራትም በዚያው መንገድ ይመጣል።

ፈራሽና ገንቢ

አጥንት ከውጭ ሲያዩት የማይለወጥ ይመስላል። ከውስጥ ግን የአሮጌ ጭቃ ግድግዳ ሲታደስ የተሰነጠቀው ተፍቆ አዲስ ጭቃ እንደሚመረግ ሁሉ፣ በየቀኑ እየፈረሰ ይሠራል። ኦስቲዮክላስት የተባሉ ሕዋሳት ያረጀውን ወይም ጥቃቅን ስንጥቅ የገባበትን አጥንት በአሲድና በኢንዛይም እየቦረቦሩ ያነሡታል። ኦስቲዮብላስት የተባሉት ተከትለው ጉድጓዱን በኮላጅን ይሞሉትና ካልሲየምና ፎስፈረስ ያስይዙታል። በአንድ ቦታ ላይ ማፍረሱ ሦስት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ መገንባቱ ግን ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በዚህ ዓይነት ከአንድ ጎልማሳ አጽም 10 በመቶ ያህሉ በየዓመቱ ይታደሳል።

በማፍረስና በመገንባት መካከል ያለው ይህ የጊዜ ልዩነት ከዚህ በታች የሚነገረውን ሁሉ ለመረዳት ቁልፍ ነው። አንድ ሆርሞን ሥራው በየቦታው እንዲበዛና እንዲፋጠን ቢያዝ አፍራሹ ቶሎ ይጨርሳል፣ ገንቢው ግን ሊደርስበት አይችልም። ያልተሞሉ ጉድጓዶች እየበዙ ይሄዳሉ። ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው ወንፊት መሳይ አጥንት በሚበዛበት ቦታ ነው፤ በአከርካሪ አጥንቶች፣ በእጅ አንጓ አጠገብና በጭን አጥንት አንገት። በሆርሞን መዛባት የሚመጣው ስብራት እነዚህን ቦታዎች የሚመርጠው ስለዚህ ነው።

ሆርሞኖች በአጥንት ላይ ይህን ያህል ሥልጣን ያገኙት አጥንት ከምሰሶነቱ ሌላ የካልሲየም ጎተራ ስለሆነ ነው። ከሰውነት ካልሲየም 99 በመቶ የሚሆነው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ይገኛል። በደም ውስጥ የሚዘዋወረው እጅግ ጥቂት ነው፤ መጠኑም በ1 ዴሲ ሊትር ደም ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊ ግራም ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ መቆየት አለበት። ከዚያ ከወረደ ጡንቻ ይኮማተራል፣ የልብ ምት ይዛባል፣ ሰው ራሱን ስቶ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የሳሳ አጥንት ለዓመታት ሊያኖር ይችላል፣ የደም ካልሲየም ማነስ ግን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ሲጋጩ ሰውነት ምንጊዜም የሚሠዋው አጥንትን ነው።

የመርከብ አዛዡ አጥንት

የደምን ካልሲየም የሚጠብቁት ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ የተለጠፉት፣ እያንዳንዳቸው ከሩዝ ፍሬ ብዙ የማይበልጡት አራት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ናቸው። ካልሲየም ሲጎድል ሆርሞናቸውን ይለቃሉ፤ ሆርሞኑ ከአጥንት ካልሲየም ያስወጣል፣ ኩላሊትም ካልሲየምን በሽንት እንዳያባክን ያደርጋል። አደጋው የሚመጣው ከአራቱ በአንዱ ላይ ዕባጭ ሲያድግና የደሙ መጠን ሞልቶም እያለ ሆርሞኑ መፍሰሱን ሳያቆም ሲቀር ነው። አጥንቱ ይቦረቦራል፣ የተቦረቦረው ካልሲየም በኩላሊት ውስጥ ጠጠር ይሆናል።

የዚህን በሽታ ጉዳት በግልጽ የሚያሳይ ታሪክ ከንግድ መርከብ አዛዡ ከአሜሪካዊው ቻርልስ ማርቴል ታሪክ ሌላ ብዙ አይገኝም። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማርቴል ረጅምና ጠንካራ መርከበኛ ነበር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ወዲህ ግን አጥንቶቹ በትንሽ ነገር ይሰበሩ ጀመር፣ ጀርባው ጎበጠ፣ ቁመቱ በዓመታት ውስጥ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል አጠረ። በ1926 ምክንያቱ የፓራታይሮይድ ሆርሞን መብዛት እንደሆነ ታውቆ በቦስተን የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ሐኪሞች አንገቱን ከፈቱ፤ ዕባጭ ግን አላገኙም። ቀዶ ሕክምናው በተለያየ ጊዜ እየተደጋገመ ስድስት ደረሰ። ማርቴል ራሱ የአካል አወቃቀር መጻሕፍት እያነበበ ሐኪሞቹ ደረቱን ከፍተው እንዲያዩ ይወተውት ነበር። በ1932 በሰባተኛው ቀዶ ሕክምና ዕባጩ የተገኘው እዚያው ደረቱ ውስጥ ከሳንባዎቹ መካከል ነው። ማርቴል ግን ብዙም አልቆየም፤ በሳምንታት ውስጥ ሞተ። ለዓመታት የተራቆተ አጥንት ሆርሞኑ በድንገት ሲቀርለት በደም ያለውን ካልሲየም እየሳበ ወደ ራሱ ያስገባል፣ ሕመምተኛውም በተቃራኒው አደጋ ይያዛል። ዛሬ ይህ የታወቀ ስለሆነ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ካልሲየም በጥንቃቄ ይሰጣል።

ከማርቴል ቀደም ብሎ በ1925 በቪየና ፌሊክስ ማንድል የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከአንድ የትራም ሠራተኛ አንገት ላይ የፓራታይሮይድ ዕባጭ አውጥቶ ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ብዙዎቹ ሐኪሞች ዕጢው ያበጠው አጥንቱ ስለታመመ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ማንድልም በዚህ እምነት መጀመሪያ የሞከረው ተጨማሪ የዕጢ ሥጋ መትከልን ነው። ሕመምተኛው አልተሻለውም። ዕባጩ ሲወጣ ግን የደሙ ካልሲየም ወረደ፣ አጥንቱም ይጠነክር ጀመር። ከዓመታት በኋላ በሽታው ቢመለስበትም የትኛው ምክንያት፣ የትኛው ውጤት እንደሆነ ከዚያ ወዲህ ክርክር አልተነሣበትም።

በአሁኑ ጊዜ የደም ካልሲየም በየጊዜው በሚለካባቸው አገሮች በሽታው አጥንት ሳይሰብር ይደረስበታል። ካልሲየም በማይለካበት ቦታ ግን አሁንም በስብራት ወይም ተመላልሶ በሚመጣ የኩላሊት ጠጠር ነው የሚታወቀው። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎችም ዕጢዎቹ ሳያቋርጡ ስለሚቀሰቀሱ ለዚሁ ጉዳት ይጋለጣሉ።

ፀሐይ እያለ የፀሐይ እጥረት

ቫይታሚን ዲ በስሙ ቫይታሚን ይባል እንጂ በአሠራሩ ሆርሞን ነው። ቆዳ በፀሐይ ብርሃን ይጀምረዋል፣ ጉበት ይለውጠዋል፣ ኩላሊት ፍጻሜውን ይሰጠዋል፤ ከዚያ አንጀት ካልሲየምን ከምግብ እንዲወስድ ያዛል። እርሱ ሲጎድል የተበላው ካልሲየም አብዛኛው በከንቱ ያልፋል፣ የፓራታይሮይድ ዕጢዎችም የጎደለውን ከአጥንት ያወጣሉ። በልጆች ላይ ሪኬትስ ይሆናል፤ እግር ይወላገዳል፣ የጎድን አጥንት ይለሰልሳል። በአዋቂ ላይ አጥንት የማዕድን እጥረት ይዞት ያማል፣ ይሰነጠቃል።

ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ በማይለያት ኢትዮጵያ ይህ በሽታ አለመጥፋቱ የሚያሳዝን ነው፤ በቀላሉ ሊከላከሉት የሚቻል ነውና። በአዲስ አበባ የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተካሄደና በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በሳንባ ምች ከታመሙ 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ እንደነበረባቸው፣ ለንጽጽር ከተወሰዱት 500 ልጆች ግን 20ዎቹ ብቻ እንደነበረባቸው አሳይቷል። የለሰለሰ ደረት በደንብ ስለማይተነፍስ የአጥንቱ ችግር የሳንባ ሞት ሆኖ ይመጣል። ምክንያቱ አገሩ ፀሐይ ማጣቱ አይደለም፤ ሕፃኑ ብርድና ዓይን ተፈርቶለት ተጠቅልሎ በቤት መዋሉ ነው። ወደ እስራኤል በፈለሱ የኢትዮጵያ ሴቶችም ላይ የቫይታሚን ዲ እጥረት በብዛት ተመዝግቧል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ያንኑ ያህል ቫይታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል፣ አዲሱ ኑሮ ግን በቤት ውስጥ የሚያውል ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምት፣ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከቤት ሳይወጡ በሚሠራበት ኑሮ ውስጥ ያሉትም ለዚሁ የተጋለጡ ናቸው።

የሴት ልጅ አጥንት

በ1941 ፉለር ኦልብራይትና ባልደረቦቹ ከዚያው ከቦስተኑ ሆስፒታል ያወጡት ጽሑፍ አንድ ቀላል ቆጠራ ይዟል። ዕድሜያቸው ከ65 በታች ሆኖ አጥንታቸው ከሳሳ 42 ሕሙማን መካከል 40ዎቹ ያረጡ ሴቶች ነበሩ። እስከዚያ ድረስ የእርጅና ዕጣ ተደርጎ ይታይ የነበረው የአሮጊቶች መጉበጥ ከዚህ በኋላ የኦቫሪ ሆርሞን ጉዳይ ሆነ።

ኤስትሮጅን አፍራሾቹን ሕዋሳት በልጓም ይይዛል። አፍራሾቹ እንዲወለዱና እንዲሠሩ ራንክል የተባለ ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል፤ ኤስትሮጅን የራንክልን መጠን ይቀንሳል፣ ራንክልን የሚያከሽፈውን ኦስቲዮፕሮቴጀሪን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ያበዛል። በማረጥ ጊዜ ልጓሙ ይፈታል። ከማረጥ በኋላ ባሉት አምስትና ሰባት ዓመታት ውስጥ አንዲት ሴት ከአጥንቷ ጥግግት እስከ 20 በመቶ ልታጣ ትችላለች። ሕመም የለም፣ ምልክት የለም። መጀመሪያ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ስትወድቅ የተደገፈችበት የእጇ አንጓ ነው። ቀጥሎ የአከርካሪ አጥንቶች ሳይታወቁ አንድ በአንድ ይጨፈለቃሉ፤ ቀሚሷ የረዘመባት፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ የሚንሸራተትባት ሴት ቁመቷ እያጠረ ሊሆን ይችላል። የዳሌ ስብራት ዘግይቶ ይመጣል፤ ከሁሉም ገዳዩ እርሱ ነው፤ አልጋ ላይ ያውላልና።

ማረጥ ቢዘገይም ቢፈጥንም የማይቀር ነው። ኤስትሮጅን ያለጊዜው የሚቀርባቸው ሴቶች ግን የበለጠ ትኩረት ይገባቸዋል። ኦቫሪዎቿ በቀዶ ሕክምና የወጡባት ወይም ከ45 ዓመቷ በፊት ያረጠች ሴት አጥንቷ የሚጠበቅበትን ብዙ ዓመት ታጣለች። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ከአንጎል ሥር ያለውና ኦቫሪዎችን የሚያዘው የፒቱታሪ ዕጢዋ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ሃሮልድ ሺሃን በ1937 የገለጸው ይህ ጉዳት ጡት ወተት በማጣት፣ በወር አበባ መቅረትና በማያቋርጥ ድካም ይታወቃል። በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ደም ዛሬም እናቶችን በሚቀጥፍበት አገር ከሞት የተረፉት ሴቶች አጥንት የማንም ጥያቄ ሆኖ አያውቅም፤ መሆን ነበረበት።

ሯጮች ሌላው ምሳሌ ናቸው። በብዙ ልምምድና በጥቂት ምግብ የምትኖር ወጣት ሯጭ ሰውነቷ ጉልበት ለመቆጠብ የወር አበባዋን ያቆማል። ብዙ አሠልጣኞችና ራሳቸው ሯጮቹ የወር አበባ መቅረትን የጥሩ ልምምድ ምልክት ወይም እፎይታ አድርገው ያዩታል። በእውነቱ ግን የኤስትሮጅን መውረድ ነው፤ በቅልጥምና በእግር መዳፍ አጥንት ላይ የሚወጣው ስንጥቅ ከዚያ ይመጣል። የረጅም ርቀት ሩጫ እንጀራ በሆነበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ሦስት ወር የቀረ የወር አበባ ከጉልበት ሕመም እኩል ሊጠየቅ የሚገባው ጉዳይ ነው። መድኃኒቱም በመጀመሪያ ምግብ ነው።

በኢትዮጵያ በስፋት የሚወሰደው የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌም ኤስትሮጅንን ስለሚቀንስ የአጥንት ጥግግት ጥቂት ዝቅ ያደርጋል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2004 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። መርፌው ሲቆም ጥግግቱ በአብዛኛው ይመለሳል። ላልታሰበ እርግዝና ከመጋለጥ ጋር ሲመዘን መርፌውን በፍርሃት መተው ተገቢ አይደለም፤ ለረጅም ዓመታት የምትወስድ ሴት ከጤና ባለሙያዋ ጋር መነጋገሯ ግን ይጠቅማታል። ጡት ማጥባትም ለጊዜው አጥንትን ይቀንሳል፣ ልጁ ጡት ሲጥል ይመለሳል፤ ማንም እናት በዚህ ምክንያት ጡት ማጥባት ልታቆም አይገባም።

ወንዶችም ከኤስትሮጅን ውጭ አይደሉም። በ1994 የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ ኤስትሮጅንን የሚቀበለው ፕሮቲን በተፈጥሮ የተበላሸበትን የ28 ዓመት ወንድ ይገልጻል። ቁመቱ 204 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ገና ያድግ ነበር፣ ቴስቶስትሮኑ ሙሉ ነበር፣ አጥንቱ ግን ሳስቶ ነበር። የወንድ ሰውነት ከቴስቶስትሮኑ ጥቂቱን ወደ ኤስትሮጅን እየለወጠ አጥንቱን እንደሚጠብቅ ከዚህ በኋላ ግልጽ ሆነ። ለፕሮስቴት ካንሰር ቴስቶስትሮን የሚያጠፋ ሕክምና የሚወስዱ ወንዶች ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያጣሉ፤ ስብራትም ይበዛባቸዋል።

ኮርቲሶል፣ ታይሮይድና ስኳር

ከመድኃኒት የሚመጣው የአጥንት መሳሳት ከሁሉ የሚበዛው በኮርቲሶል ቤተሰብ መድኃኒቶች ነው። ኮርቲሶል በኩላሊት አናት ላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች የሚሠሩት ሆርሞን ነው። ከመጠን ሲያልፍ ገንቢዎቹን ሕዋሳት ይገድላል፣ ከአንጀት የሚገባውን ካልሲየም ይቀንሳል፣ ጡንቻን ያመነምናል። ዕጢው ራሱ ሲያበዛው ፊት ይሞላል፣ በሆድ ላይ ወይን ጠጅ ሰንበሮች ይወጣሉ፣ የጎድን አጥንት በሳል ብቻ ሊሰበር ይችላል። ይህ በሽታ ብርቅ ነው። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ግን ብርቅ አይደሉም። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ብግነት፣ በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ ለሚነሣ የነርቭ ብግነት ለወራት ይሰጣሉ፤ ብዙ ሕይወትም ያድናሉ። አደጋቸው ፈጣን ነው፤ የስብራት ዕድል በመጀመሪያዎቹ ሦስትና ስድስት ወራት ውስጥ ይጨምራል። በቀን 2.5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን እንኳ ከሦስት ወር በላይ የሚወስድ ሰው ስለ አጥንቱ ሊጠየቅ ይገባዋል። መድኃኒቱን በገዛ ፈቃድ በድንገት ማቆም ደግሞ ከስብራት የባሰ አደጋ አለው፤ የራስ አድሬናል ዕጢ ሥራውን ረስቶ ስለሚቆይ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪም ነው።

የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ የአጥንት እድሳት ይፋጠናል፤ 200 ቀን ያህል የሚፈጀው ዙር ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ በየዙሩም ያልተሞላ ጉድጓድ ይቀራል። ጀርመናዊው ፍሬድሪኽ ፎን ሬክሊንግሃውዘን በ1891 በታይሮይድ መብዛት የሞተች ወጣት ሴት አጥንት ትል የበላው መምሰሉን ጽፏል። እንቅርት በኖረበት በኢትዮጵያ ደጋ ይህ የተለየ ትርጉም አለው። ለረጅም ዓመታት የቆየ እንቅርት በስተርጅና ሆርሞን ማብዛት ሊጀምር ይችላል፤ የልብ ምት መፍጠን፣ መክሳት፣ የእጅ መንቀጥቀጥና ላብ ይከተላሉ። እንቅርት ስላለ ብቻ ሆርሞን በዝቷል ማለት ግን አይደለም፤ በደም ምርመራ ይለያል። ዕጢያቸው ወጥቶ በምትኩ ሌቮታይሮክሲን የሚውጡ ሰዎችም መጠኑ ከልክ ካለፈ በአጥንታቸው ይከፍላሉ።

ኢንሱሊን ገንቢ ሆርሞን ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ ያጡት የዓይነት አንድ ስኳር ሕሙማን የዳሌ ስብራት ይበዛባቸዋል። በዓይነት ሁለት ግን የአጥንቱ ጥግግት ሲለካ ደህና ሆኖ ሳለ ስብራት ይበዛል፤ የአጥንቱ ጥራት ይጎዳል፣ ዓይንና የእግር ነርቭ ስለሚደክሙም ሰው ቶሎ ይወድቃል።

ምርመራና ሕክምና

በትንሽ ምት የተሰበረ ሰው ከጀሶው በተጨማሪ ሊደረጉለት የሚገቡ ምርመራዎች ብዙዎቹ ቀላል ናቸው። የደም ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ምርመራ አብዛኛውን ነገር ያሳያሉ፤ እንደ ውጤቱ ፓራታይሮይድ ሆርሞን፣ ቫይታሚን ዲ፣ ኮርቲሶል ወይም ቴስቶስትሮን ይለካል። የሚወስዳቸው መድኃኒቶች፣ የወር አበባ ታሪክና በወጣትነት የነበረው ቁመት ደግሞ በጥያቄ ብቻ የሚገኙ ናቸው። የአጥንት ጥግግት የሚለካው ዴክሳ በተባለ የራጅ መሣሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ባወጣው መስፈርት ውጤቱ ከጤነኛ ወጣት አማካይ በ2.5 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ የአጥንት መሳሳት ይባላል። መሣሪያው በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም፤ ይሁንና አከርካሪው በቀላል ምት የተጨፈለቀ ሰው ያለ ዴክሳም ሕክምና ይገባዋል።

ሕክምናው ከዕጢው ይጀምራል። የፓራታይሮይድ ዕባጭ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ የበዛ ታይሮይድ ይገታል፣ የጎደለ ቫይታሚን ዲ ይተካል። ያለጊዜዋ ላረጠች ሴት ኤስትሮጅን እስከ ተፈጥሮ ማረጫ ዕድሜ ይሰጣታል። በጊዜያቸው ላረጡት ግን ጥቅሙና ጉዳቱ መመዘን አለበት፤ በ2002 የተቋረጠው ትልቁ የአሜሪካ ሙከራ ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን በአንድነት የዳሌ ስብራትን በሲሶ ያህል ቢቀንሱም የጡት ካንሰርና የደም መርጋት እንደሚያበዙ አሳይቷል።

አጥንቱን በቀጥታ የሚረዱ መድኃኒቶችም አሉ። አለንድሮኔት አፍራሾቹን ያዳክማል፤ በሳምንት አንድ ቀን በባዶ ሆድ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ተውጦ ለ30 ደቂቃ ሳይተኙ ይቆዩበታል፣ ካልሆነ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። ዞለድሮኒክ አሲድ በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል። ቴሪፓራታይድ ከሁሉ የሚያስደንቀው ነው፤ የማርቴልን አጥንት የጨረሰው የዚያው ሆርሞን ቁራጭ ነው። ቀን ከሌት ሲፈስ አጥንት የሚያፈርሰው ሆርሞን በቀን አንድ ጊዜ በትንሹ ሲወጋ ገንቢዎቹን ያነቃል። ከሁለት ዓመት በላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም፣ ሲቆምም የተገነባው እንዳይፈርስ አለንድሮኔት ወይም መሰሉ ይተካል። ራንክልን የሚያግደው ዴኖሱማብ በየስድስት ወሩ የሚወጋ ሲሆን፣ ቀኑ ካለፈ ልጓሙ በአንድ ጊዜ ተፈትቶ ብዙ የአከርካሪ አጥንቶች በተከታታይ ሊጨፈለቁ ይችላሉ። ስለዚህ መርፌው በየጊዜው መገኘቱ ሳይረጋገጥ አይጀመርም፤ ሲቆምም በሌላ መድኃኒት ሳይተካ አይቆምም።